እሽ የሚባለው በሦስተኛው ነው

ራዊያ የልምምድ ቦታዋን ያጣችው በመግደርደር ነው። ሴትየዋ ሰው በተሰበሰበበት፣ ጥርት ባለ አማርኛ «ከእኛ ጋር መሥራት ትፈልጊያለሽ?» ብላ ጠየቀቻት፤ ራዊያም ዓይኗን መሬት ላይ ጥላ «አይ፣ ይቅርብኝ» አለች። እንዲቀርባት ፈልጋ አልነበረም። ቆቦ ውስጥ ያደገ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው የመጀመሪያው «ይቅርብኝ» ሰላምታ ማለት ነው፤ ሁለተኛው ጨዋነት ነው፤ በሦስተኛው ጠያቂው «በሞቴ» ወይም «በአላህ» ይላል፣ ተጠያቂውም ጠያቂውን ላለማስቀየም ሲል ብቻ የተቀበለ መስሎ እሽ ይላል። ሴትየዋ ግን ሁለተኛውን አልጠየቀችም። «መልካም» ብላ ከራዊያ ቀጥሎ ወደቆመው ልጅ ዞረች። የቆመው መሳፍንት የሚባል የክፍል ጓደኛዋ ነበር፤ እሱ ጥያቄው እንኳ ሳያልቅ እሽ አለ፤ አለቀ።

ይህ የሆነው ወልድያ፣ ዩኒቨርሲቲው ለማኔጅመንት ተማሪዎቹ ባዘጋጀው ከአሠሪዎች ጋር የመተዋወቂያ ቀን ላይ ነው። ሴትየዋ በዋጃ መንገድ ላይ ከገበሬው ሽንኩርትና ቲማቲም እየገዛ፣ እያሸገ፣ ወደ መቀሌና ወደ አዲስ አበባ የሚልክ ድርጅት ሥራ አስኪያጅ ናት። ለልምምድ የሚመጣ ተማሪ ሥራውን ከወደደና ከተወደደ ከምረቃ በኋላም እዚያው እንደሚቀር በይፋ ተናግራለች። ራዊያ ከዚያ ቀን አንድ እስክሪብቶ፣ ዚፑ የማይሠራ ቦርሳና ይህን ቁጭት ይዛ ወደ ቆቦ ተመለሰች። ቁጭት የምትወድ ሰው አይደለችም። ያለፈውን ነገር ደጋግሞ ማላመጥ ሥራ የሌለው ሰው ሥራ ነው ትላለች። ይህን ግን ስታላምጠው ሰነበተች።

ሐሙስ ጠዋት በአጎቷ በሸረፈዲን ቤት የሚሰማው የብርጭቆ ድምፅ ብቻ ነበር። ቤቱ ከሱቁ ጀርባ ነው፤ አንዱ በር ወደ ሱቅ፣ ሌላው ወደ ግቢ ይወስዳል። ሳሎኑ ዙሪያውን ፍራሽ ተነጥፎበታል፣ ጥግ ላይ የጨርቅ ልብስ የለበሰ ቴሌቪዥን አለ፣ ጣሪያው ገና በማለዳው በግንቦት ፀሐይ መንጣጣት ጀምሯል። የሸረፈዲን ሚስት ዚነት ዳቦውን ራዊያ ፊት አስቀመጠችና ግድግዳው ላይ ወደተሰቀለው ሰዓት ዞራ «ሻይ የሚጠጣ ሰው ካለ ተቀድቷል» አለች። ክፍሉ ውስጥ ከራዊያ ሌላ ሰው አልነበረም። ዚነት እንዲህ ከሆነች ሰንብታለች። አትቆጣም፣ አትሳደብም፣ ምግብ አታጓድልም፤ የራዊያን ስም ብቻ አትጠራም። «ልብስ የሚያጥብ ካለ ሳፋው ባዶ ነው» ትላለች። «መብራቱን ማጥፋት የሚችል ሰው ያጥፋው» ትላለች። ራዊያ መጀመሪያ ላይ ምን አጠፋሁ ብላ አሰበች፤ መልስ ስታጣ እሷም ለሰዓቱ «ተጠጥቷል፣ አላህ ይስጥልን» ማለት ጀመረች።

ነገሩ የጀመረው ሸረፈዲን ሱቁን ከሰጣት ማታ ወዲህ ነው። ያን ማታ የእህል ነጋዴው አራጌ እራት ላይ ነበር፤ ሽሮ ቀርቧል። ራዊያ ወልድያ ላይ የሆነውን ሳትተነትን በደፈናው «የልምምድ ቦታ አላገኘሁም» አለች። ሸረፈዲን «ታዲያ የእኔ ሱቅ ምን ሊሆን ነው? እዚሁ ተለማመጂ እንጂ» አለ። «አይ አጎቴ፣ አላስቸግርም» አለች። «ምን ችግር አለው?» አለ። «ኧረ ይቅርብኝ» አለች። ሦስተኛው ግን ቶሎ አልመጣም። አራጌ የጠቀለለውን ይዞ አንዴ አጎትየውን፣ አንዴ ልጅቱን አየ። ሸረፈዲን ጉሮሮውን ጠራረገና «በአላህ ይዤሻለሁ!» አለ፤ ከሚገባው በላይ ጮክ ብሎ። ሦስተኛው ስለሆነ ራዊያ እሽ አለች። ዚነት ያን ጊዜ ውሃ ለማምጣት ተነስታ ወጣች፤ ጆጉ ሞልቶ እዚያው አጠገቧ ተቀምጦ ነበር።

ራዊያ ሱቁን ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ ታውቀዋለች። አባቷ ሙዓዊያ ጎብዬ ነው የሚኖረው፤ ቆቦ ከወንድሙ ዘንድ ሆና እንድትማር ሲልካት ከትምህርት ቤት መልስ ሱቅ መቀመጧ ሳይነገር የተስማሙበት ነበር። ሚስማር በኪሎ፣ ሽቦ በጥቅል፣ ቆርቆሮ በቁጥር፣ የበር ማጠፊያ በጥንድ፤ ዓይኗን ጨፍና ልትሸጠው ትችላለች። የሚያስፈራትም ይኸው ነው። ልምምዱ ሁለት ወር ነው ይባላል፤ በዚህ ቤት ግን ሁለት ወር ተብሎ የተጀመረ ነገር ሁለት ወር ላይ ሲያልቅ አይታ አታውቅም። ለጊዜው ተብሎ የቆመው የግቢው አጥር አሥር ዓመት ሆኖታል። አባቷ በስልክ «አጎትሽ ዘንድ ከሆንሽማ አብሽሪ፣ እኔም ሐሳብ የለኝም» ብሏል፤ ሐሳብ የለኝም ካለ ደግሞ የምሩን ነው፣ ዳግመኛ አያስብም። ዲግሪዋ ሱቁ ግድግዳ ላይ ከቀለም ዝርዝሩ አጠገብ ተሰቅሎ ታያት። የልምምድ ቦታዋን ስም ለትምህርት ክፍሉ የምታሳውቀው እስከ ነገ፣ እስከ አርብ ነው። ከአርብ ወዲያ ሱቅ ነው።

ዛሬ ግን ሐሙስ ነው፤ በአስፋልቱ ዳር ባለው ሆቴል አዳራሽ ለወጣቶች የሙያና የተግባቦት ክህሎት ማዳበሪያ የሚባል የአንድ ቀን ስልጠና አለ። የክብር እንግዳዋ ያችው ሴትዮ ናት፤ ወይዘሮ መቅደላዊት። ራዊያ ነጠላ ጫማዋን አውልቃ ደህናውን አደረገችና ለሰዓቱ «ስልጠና የሚሄድ ሰው ሄዷል» አለች። ዚነት ከጓዳ ሆና «ስልጠና የሚሄድ ሰው ጃንጥላ ይያዝ፤ ፀሐዩ አናት ይበሳል» አለች። እንዲህ ነው ሰው የሚያስቸግረው። ክፉ ብትሆን ይቀል ነበር።

አዳራሹ በር ላይ አሚን ቆሟል። አሚን በአካውንቲንግ ከተመረቀ ወዲህ ሥራ አላገኘም፤ ስልጠና ግን አያመልጠውም። ባለፈው ስልጠና የተሰጠውን ኮፍያ አድርጓል፤ ከዚያ በፊት የተሰጠውን ቲሸርት ለብሷል።

«ራዊያ! ከኋላ ነው የምንቀመጠው፤ ሻዩ በዚያ በኩል ነው የሚገባው።»

«ስንተኛህ ነው አሁን?»

«መቁጠር ትቻለሁ። ሥራ ፈጠራ ወስጃለሁ፣ ቁጠባ ወስጃለሁ፣ የንብ ማነብ ወስጃለሁ፣ ግጭት አፈታት ሁለት ጊዜ ወስጃለሁ። የቀረኝ የአዋላጅነት ብቻ ነው።»

«ሲመጣ ትሄዳለህ?»

«ምሳ ካለው ምን ቸገረኝ?»

አሠልጣኙ ጌታሁን ከደሴ የመጣ፣ በቆቦ ሙቀት ከረባት ያሰረ ሰው ነበር። መጀመሪያ ያዘዘው ዓይን ለዓይን መተያየትን ነው። «ዓይን የማያይ ሰው አይታመንም! እዩኝ!» አለ። አዳራሹን የሞሉት ግን ትልቅ ሰው ሲናገር ማፍጠጥ ብልግና ነው እየተባሉ ያደጉ ናቸው። ትእዛዙንም አስተዳደጋቸውንም ላለመጣስ ሁሉም ከረባቱን ማየት ጀመሩ። ጌታሁን ከረባቱ ላይ ወጥ የፈሰሰበት መስሎት ጎንበስ ብሎ ፈተሸ፤ ትንሽ ቆይቶ እንደገና ፈተሸ። በመጨረሻ ፈታውና ኪሱ ውስጥ ከተተው፤ ሰዉ የሚያይበት ቦታ አጣ።

ራዊያ እንዲህ ያለ ስብሰባ ወልድያም ብዙ አይታለች። የተማረችው ግን ስላይዱ ላይ የተጻፈውን አልነበረም። ብዙ ስላይድ ያለው አሠልጣኝ ጥያቄ እንደሚፈራ አውቃለች። «እኛ እንደ ቤተሰብ ነን» የሚል ድርጅት ደመወዝ እንደሚያዘገይ ቀድመዋት ከተመረቁት ሰምታለች። ቁም ነገር የሚነገረው አዳራሹ ውስጥ ሳይሆን እጅ መታጠቢያው ጋ እንደሆነ፣ ሥራ መስጠት የሚችሉት ሰዎች ደግሞ ሁልጊዜ ምሳ ሳይበሉ እንደሚሄዱ ተገንዝባለች። ዛሬ የሚያስፈልጋት ይህ የመጨረሻው ነው። ስለዚህ አሚን የተናገረለትን የኋላ ወንበር ትታ በሩ አጠገብ ተቀመጠች፤ አሚንም እያጉረመረመ ተከተላት።

«አሁን ደግሞ አይሆንም ማለትን እንለማመዳለን» አለ ጌታሁን። «የማኅበረሰባችን ትልቁ ችግር አይ ማለት አለመቻሉ ነው። ይሉኝታ ገሎናል። ጥንድ ጥንድ ሁኑ። አንዳችሁ አንድ ነገር ስጡ፤ ሌላኛው በአንድ ቃል ይመልስ፤ ወይ እሽ ወይ አይ። ኧረ፣ ይቅርብኝ፣ አላስቸግርም፣ ምናምን የለም።»

አሚን የታሸገ ውሃውን ወደ እሷ ገፋ አደረገ። «ውሃ?»

ከቤት እስከ አዳራሹ በዚያ ፀሐይ በእግሯ ነው የመጣችው፤ ጉሮሮዋ ደርቋል። «ይቅርብኝ» አለች።

«ወደቅሽ።»

«ድገመኝ።»

«ውሃ?»

«አንተስ?»

«ወደቅሽ!»

«አሚን፣ ውሃውን ስጠኝ።»

«እሱማ ልመና ነው። በአንድ ቃል ነው የተባለው።»

ውሃውን ከእጁ ነጥቃ ጠጣችና ዙሪያዋን አየች። ከፊታቸው አንዲት ከጎጃም ተመድባ የመጣች ነርስ ለጓደኛዋ ብስኩት ትሰጣለች፤ ጓደኛዋ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ጭንቅላቷን ታወዛውዛለች። ወዲያ ማዶ ሁለት መምህራን አንድ ወንበር ሲገባበዙ «አንተ ተቀመጥ፣ ኧረ አንተ» እያሉ ሁለቱም ቆመዋል። ሁሉም ወደቀ፤ አይ ማለት አቅቶት የወደቀ ግን አንድም ሰው የለም። የአሠልጣኙ ነገር ተገላቢጦሽ ነው። በዚህ አገር አይ ማለት ማንንም ቸግሮ አያውቅም፤ ሰው አይ እያለ ነው አፉን የሚፈታው። ከጉሮሮ የማይወጣው እሽ ነው። ራዊያ ስንቱ ነገር ሁለተኛው ጥያቄ ሳይመጣ ቀርቷል ብላ ልታስብ ጀመረችና፣ ይህም ማላመጥ ነው ብላ ተወችው።

ወይዘሮ መቅደላዊት ከሻይ በኋላ መጣች። አጭር፣ ፈጣን፣ ፀጉሯን በሻሽ የጠቀለለች የደብረ ማርቆስ ሴት ናት፤ ጫማዋ ላይ ደረቅ ጭቃ አለ። ድምፅ ማጉያውን እምቢ ብላ በባዶ ድምፅ ተናገረች። ስለ ድርጅቱ፣ ስለ ሽንኩርት ዋጋ መውጣትና መውረድ፣ ገበሬው ባለፈው ዓመት ኪሎውን በአራት ብር ሲሸጥ አዲስ አበባ አሥራ ሁለት እንደነበረ፣ መሐል ላይ ያለው መንገድና ብልሽት እንዴት እንደሚበላው ነገረቻቸው። ከዚያ ቆም ብላ «ዘንድሮ ሥራ ልስጣችሁ ካልኋቸው ሰዎች ግማሹ ይቅርብን ብለውኛል» አለች። «ራያ ሀብታም አገር ነው፣ ሰዉ ሥራ አይፈልግም ብዬ ለአለቆቼ ጻፍሁ።» አዳራሹ ሳቀ። ራዊያ አልሳቀችም። «መግደርደር እኛም አገር አለ። እኛ ግን የምንግደረደረው ለምሳ ነው፤ ምሳ ቢቀር ማታ እራት አለ። እኔ ቀኑን ሙሉ ሰው እየለመንሁ ከዋልሁ ሽንኩርቱ ይበሰብሳል። አንድ ጊዜ ነው የምጠይቀው።» አመስግና፣ ተጨብጭቦላት፣ «ምሳ ሳይበሉማ!» ያሏትን አዘጋጆች አንድ ጊዜ ብቻ «አይ» ብላ ወጣች።

ራዊያ ተነሳች። «ወጡ እየቀረበ የት ትሄጃለሽ?» አለ አሚን። እሷ ግን በሩን አልፋ ወጥታለች።

ሴትየዋ የፒካፑን በር ከፍታ አንድ እግሯን አስገብታ ነበር። ሳይጠየቁ ራስ ሄዶ መጠየቅ፣ ሲጠየቁ እሽ ከማለትም ይብሳል፤ ራዊያ ይህን ያወቀችው አሁን ነው። ፀሐዩ አስፋልቱን እያቀለጠው ነበር፤ ባጃጆች ተደርድረው ጥሩምባ ይነፋሉ፤ ሾፌሩ ሞተሩን አስነስቷል። አፏ ውስጥ ያዘጋጀችው ዓረፍተ ነገር ነበር፤ የት እንደገባ እንጃ።

«ወይዘሮ መቅደላዊት።»

«አቤት።»

«ወልድያ ላይ ጠይቀውኝ ይቅርብኝ ያልሁት እኔ ነኝ።»

መቅደላዊት ፊቷን አየቻት፤ አላስታወሰቻትም። «ብዙ ናችሁ» አለች።

«ይቅርብኝ ማለቴ አልነበረም።»

«ታዲያ ምን ማለትሽ ነበር?»

«እንደገና ይጠይቁኝ ማለቴ ነበር።»

ሾፌሩ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ፤ ትከሻው ግን ሲስቅ ይታይ ነበር። መቅደላዊት አልሳቀችም። «ያ ቦታ ተይዟል» አለች። «የቀረኝ የሽንኩርት መረከቢያው ነው። ቢሮ የለውም። ከንጋት ጀምሮ ሚዛኑ አጠገብ መቆም ነው፤ አቧራ አለ፣ ፀሐይ አለ፣ ሽንኩርቴን ለምን ጣልሽብኝ ከሚል ገበሬ ጋር ሙግት አለ። ትፈልጊያለሽ?»

እንደ ማስነጠስ ነው የመጣባት። «አይ» አለች። ምላሷ የለመደውን መንገድ ይዞ ግማሽ ሄዶ ነበር፤ የቀረውን በጥርሷ ያዘችው። መቅደላዊት ሁለተኛ እግሯን አነሳች።

«አይ፣ እሽ!» አለች ራዊያ።

«የትኛው ነው?»

«እሽ። እፈልጋለሁ። ሰኞ እመጣለሁ።» ይህን ስትል የሴትየዋን ዓይን አየች፤ ከረባት ስላላሰረች ሌላ የሚታይ ነገር አልነበረም።

«ሰኞ ማለዳ የሠራተኞች መኪና በዚህ ያልፋል። ካመለጠሽ በሚኒባስ ዋጃ ሳትደርሺ ትወርጃለሽ፣ ሰው ብትጠይቂ ያሳይሻል። ሻሽ ያዥ፣ አቧራው ፀጉር ያበላሻል» አለችና በሩን ሳትዘጋው መኪናው ተነሳ። ነገሩ ይህን ያህል ነው። ራዊያ አቧራው ውስጥ ቆማ ቀረች። ደስታ ነው ለማለት ይቸግራል፤ ኩንታል ተሸክሞ ሲሄድ ቆይቶ ያወረደ ሰው የሚሰማው ዓይነት፣ ትከሻን የሚያቀልል ነገር ነበር። ከዚያ አጎቷ ትዝ አላት። በአላህ ይዟታል። በሰው ፊት እሽ ብላዋለች።

እዚያው ቆማ ለትምህርት ክፍሉ ደወለች። ቤት ሳትደርስ መደወል ነበረባት፤ ቤት ከደረሰች በኋላ ሐሳቧን ማስቀየር የሚችሉ ሰዎች አሉ። የድርጅቱን ስም፣ የኃላፊዋን ስም ነገረች፤ ያነሳው መምህር ደግማ እንድትናገር አደረጋትና «ተመዝግቧል» ብሎ ዘጋ። አሁን መመለሻ የለም። አሚን ጥርሱን በስንጥር እየጎረጎረ ወጣ።

«ከሰዓት እኮ ሰርተፊኬት አለ።»

«አንተ ተቀበልልኝ።»

«በስምሽ?»

«በፈለግኸው ስም። ከአንተ ጋር ይቀመጥ፣ ዘመዶቹ መሐል ነው።»

ቤት ስትደርስ ሸረፈዲን ሱቅ ውስጥ ነበር፤ ፊት ለፊቱ ከቆላ የመጣ አንድ ሽማግሌ ሚስማሩን በመዳፉ እያገላበጠ ዋጋውን ያማርራል። «ኪሎው ሃያ ስምንት? ባለፈው ሃያ አራት አላልኸኝም ወይ?» ይላል። «ባለፈው ማለትዎ ካቻምና ነው» ይላል ሸረፈዲን። ራዊያ አሁን እነግረዋለሁ ብላ ገባች፤ ሳታስበው ከባንኮኒው ኋላ ሆና ሚስማር እየመዘነች ራሷን አገኘችው። ሸረፈዲን ወንበሩን በእግሩ ገፋ አደረገላትና «ተቀመጪ፣ ያንቺው ነው» አለ። ሲናገር ፊቱ ላይ ድካም እንጂ ደስታ አልነበረም። ቀጥሎ ቆርቆሮ ፈላጊ መጣ፤ ቀጥሎ የቧንቧ ማሰሪያ። መሐል ላይ ዚነት በጓሮው በር ብቅ አለች። መደርደሪያው ላይ ያሉትን የቀለም ቆርቆሮዎች ለአፍታ አየችና ሁለቱን አንስታ ቦታቸውን ለዋወጠች፤ በጣቷ የአንዱን አቧራ ጠረገች፤ ጣቷን አየች፤ ተመልሳ ገባች። ሸረፈዲን አላያትም፤ ወይም እንዳላየ ሆነ።

ከመግሪብ ሶላት በኋላ እራት ቀረበ። ሦስቱም ትሪውን ከበቡ። ውጪ የባጃጅ ድምፅ፣ ራቅ ብሎ ወደ ሰሜን የሚወጡ የከባድ መኪናዎች ማቃሰት ይሰማል። ራዊያ ጉርሻዋን ዋጠች። ይቅርታ፣ አዝናለሁ፣ አስቀይሜዎት እንዳይሆን የሚሉትን ሁሉ በልቧ አንድ በአንድ ጣለቻቸው፤ እነሱን ካስገባች ነገሩ እስከ ንጋት፣ እስከ ሱብሂ አያልቅም።

«አጎቴ።»

«ወይ።»

«በአላህ ይዘውኝ እሽ ያልሁትን ላፈርሰው ነው። ሌላ ቦታ አግኝቻለሁ፤ በዋጃ መንገድ፣ የሽንኩርቱ ድርጅት። ሰኞ እጀምራለሁ። ለዩኒቨርሲቲውም ነግሬያለሁ።»

የሸረፈዲን እጅ ትሪው ላይ ቆመ። ዚነት ጆጉን አንስታ ልትቀዳ ነበር፤ ውሃው ከጆጉ አፍ ላይ ቀረ። ጣሪያው የቀኑን ሙቀት እየለቀቀ አንድ ጊዜ ቀጨጭ አለ። ራዊያ ቁጣውን ጠበቀች፤ ከቁጣው በኋላ የሚመጣውን የአባቷን የስልክ ጥሪም አብራ ጠበቀች።

«አልሐምዱሊላህ!» አለ ሸረፈዲን።

ከአፉ ሲወጣ ራሱም ደነገጠ። «ማለቴ ... ለአንቺ ደስ ብሎኝ ነው። ለአንቺ» አለ።

«ለእሷ ብቻ?» አለች ዚነት። ሰዓቱን አላየችም። ባሏን ነው ያየችው።

ሸረፈዲን እጁን አራገፈና ወደ ኋላው ተደገፈ። «እሽ፣ ለአንቺም» አለ። ወደ ራዊያ ዞሮ ቀጠለ፤ «ባለፈው ዒድ ቃል ገብቼላት ነበር። ልጅቱ ልትመረቅ ነው፣ ከዚያ ሱቁን አንቺ ትይዣለሽ፣ እኔ የእህሉን ንግድ ከአራጌ ጋር እሞክራለሁ አልኋት።»

«ታዲያ እኔን ለምን ጠየቁኝ?»

«ቦታ አጣሁ ስትዪ ዝም ልበል? አንድ ጊዜ ይጠየቃል። ሁለት ጊዜም ይጠየቃል። ሁለተኛው ላይ ልተው ነበር፤ አንቺም ይቅርብኝ ብለሻል፣ በሰላም አልቋል። ያ አራጌ ጉርሻውን አየር ላይ ይዞ አፈጠጠብኝ! የወንድሙን ልጅ ሁለት ጊዜ ብቻ ጠይቆ ተዋት ሲባል፣ በነጋታው ቆቦ ሙሉ ሲያወራው ልስማ? ሦስተኛውን ያስባለኝ እሱ ነው። አንቺ ደግሞ እሽ አልሽ!»

«በአላህ አሉኛ! ሦስተኛው ነው!»

«የምር የማይፈልግ ሰው ሦስተኛውንም ይግደረደረዋል።»

«አራተኛ መኖሩን ማን ነገረኝ?»

ሸረፈዲን ሊመልስ አፉን ከፈተና ሳቅ አመለጠው። ሲስቅ ሆዱን የሚይዝ ሰው ነው፤ ያዘው። «መሐላውስ?» አለች ራዊያ፤ እሷ አልሳቀችም፣ ነገሩ እስከ መጨረሻው እንዲዘጋ ፈልጋለች። «እኔ ነኝ የያዝሁሽ፣ እኔው ለቅቄሻለሁ። አባትሽንም እኔ እነግረዋለሁ። ሂጂ፣ አላህ ያቅናልሽ» አለ። አሁን ነው ትከሻዋ ላይ የቀረው ሁሉ የወረደው። ተንፍሳ ሳትጨርስ «ራዊያ» የሚል ድምፅ ሰማች። ዚነት ናት። ስሟ በዚያ ድምፅ ሲጠራ እንግዳ ሆነባት።

«ወይ፣ እትዬ።»

«ይኸ ወጥ ጨው በዝቶበታል?»

«ትንሽ።»

«አንድ ሳምንት ሙሉ ጨው አብዝቻለሁ፤ ማንም አልተናገረኝም።»

«አንቺስ ለምን አልነገርሽኝም? አንድ ቀን ጠርተሽ ብትነግሪኝ ያን ቀን ነበር የምተወው።»

«ምን ብዬ ልንገርሽ? ከወንበሬ ተነሽልኝ? የእኔ እህት ልጅ ብትሆኚ ጆሮሽን ይዤ አስነሳሽ ነበር። የባል ዘመድ ነሽ። የባል ዘመድ ተነሽ አይባልም። ዝም ስል የሚገባሽ መስሎኝ ነበር።»

«አልገባኝም።»

«የዩኒቨርሲቲ ተማሪ!» አለች ዚነት፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ጥርሷ ታየ። ከዚያ ትሪውን በክርኗ ገፋ አድርጋ ወደ ባሏ ዞረች፤ ድምፅዋ ሌላ ሆነ። «ሚስማሩ ወደ መሬት ይወርዳል። ሰው ሚስማር ሲፈልግ ጎንበስ ቢል ምን አለበት? ቀለሙ ፊት ይመጣል፤ ቀለም የሚገዛ ሰው ዓይኑ ነው የሚገዛው። ያ ወንበር ደግሞ ይወጣል።»

«ወንበሩ የአባቴ ነው!»

«አባትህ ይቀመጡበት ነበር። አንተ ነህ የምትተኛበት።»

«ማነው የሚተኛው? ዓይኔን ጨፍኜ ሒሳብ ሳስብ ነው!»

«ስታንኮራፋ ሒሳቡ ጎረቤት ድረስ ይሰማል። ከዙህር በኋላ፣ ቀትር ላይም ሱቁ አይዘጋም።»

«በዚያ ፀሐይ ማን ይመጣል?»

«ሱቅ ተዘግቶበት የተመለሰው ሁሉ ይመጣል!» ዚነት ትሪው ላይ በጣቷ መደርደሪያ ትሥል ጀመር፤ በር እዚህ፣ ቆርቆሮ እዚያ፣ ቧንቧ በጓሮ። ስንት ጊዜ በልቧ እንደደረደረችው ከጣቷ ፍጥነት ይታወቅ ነበር። ሸረፈዲን እያንዳንዱን ነገር እየተቃወመ፣ እየተቃወመም ወደ ሥዕሉ እየተጠጋ መጣ። ድምፃቸው ከፍ አለ፤ ሁለቱም አንድ ላይ መናገር ጀመሩ። በዚህ ሳሎን ውስጥ እንዲህ ያለ ጫጫታ ከተሰማ ቆይቷል። ራዊያ እግሯን ዘርግታ ትንሽ አዳመጠች። ማዳመጡ ደስ ይል ነበር፤ ግን የእሷ ጉዳይ አልነበረም፤ የእሷ ያልሆነ ጉዳይ ደግሞ ቶሎ ይሰለቻታል።

«ራዊያ፣ አንቺ ፍረጂ!» አለ ሸረፈዲን። «የተማርሽው ይኸን አይደል? ሚስማር ላይ ነው ታች?»

«አጎቴ፣ እኔ ከአሁን ወዲያ ሽንኩርት ነው የምጠየቀው» አለችና ተነሳች።

«እንዴት ያለ መልስ ነው? ዚነት፣ ልጅቱን ስሚልኝ!»

ዚነት ግን አልሰማችም፤ ወንበሩ ከሱቅ ወጥቶ የት እንደሚቀመጥ እየወሰነች ነበር። ራዊያ እጇን ታጥባ፣ ለሰኞ ልታጥበው ከበሩ ላይ ሻሿን አንስታ ወደ ግቢው ወጣች፤ ክርክሩ እንደጋለ በሩን ዘጋችባቸው።